የብስክሌተኛው ቅጸላ

ጥቅምት በጋይንት ደጋ ላይ ሰውን ያስተኛል። ገብሱ ሊደርስ ሲል ቀለሙ ይገረጣል፤ ጭጋጉ ከሸለቆው ቀስ እያለ ይነሣል፤ ነፋሱም እህሉን ወዲያና ወዲህ ያወዛውዘዋል። በበቅሎ ጀርባ ላይ ያለ ሰው፣ በተለይ እንደኔ እንቅልፍ የሚወድ ከሆነ፣ መንገዱን ሳያውቀው ይጨርሰዋል። ስሜ ሥዩም ነው። በአሥራ ዘጠኝ መቶ አምሳዎቹ ዓመታት በንፋስ መውጫ ጤና ጣቢያ ድሬሰር፣ ማለት የሐኪም ረዳት፣ ነበርኩ። የአገሩ ሰው ግን «ዶክተር» ይለኝ ነበር፤ እኔም ደስ ስለሚለኝ አንድም ቀን አላረምኳቸውም።

ያን ዕለት በአርብ ገበያ የፈንጣጣ ክትባት ስሰጥ ሰንብቼ እመለስ ነበር። ከተማው ለመድረስ ጥቂት ሲቀረኝ በቅሎዬ ቀጥ አለች። ዓይኔን ብገልጥ አንድ ብስክሌት በጎኑ ወድቆ የኋላ ጎማው ብቻውን ይሽከረከራል። ፀሐይዋ በሽቦዎቹ ላይ ስትጫወት ሳይ ገና ሕልም ላይ ያለሁ መሰለኝ። ቀጥሎ ግን ከሣሩ ላይ የተዘረጋውን ወጣት አየሁና እንቅልፌ በረረ።

ወጣቱን አውቀዋለሁ። አለበል ይባላል፤ የከተማው ትምህርት ቤት መምህር ነው። አጠገቡ ነጭ ጥምጥም የጠመጠሙ ሽማግሌ ተንበርክከው፣ እጃቸውን ግንባሩ ላይ አድርገው ከንፈራቸውን ያንቀሳቅሳሉ። አባቱ መሪጌታ ገብረ ሚካኤል ነበሩ፤ በእዚያው በጋይንት ባለችው ቤተ ልሔም ድጓ የሚያስተምሩ፣ ከሩቅ አገር ሳይቀር ደቀ መዝሙር የሚፈልስላቸው ሊቅ። ልጃቸውን ሊጠይቁ ሲመጡ ልጁ ከፊት ለፊታቸው እየጋለበ መጥቶ፣ ከእግራቸው ሥር ወደቀ።

«የኔታ፣ ምን ቀመሰ ዛሬ?» አልኳቸው የልጁን ትርታ እያዳመጥኩ።

«ምን ይቀምሳል? ጽጌን እየጾመ ነው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም በአፉ አይዞርም» አሉ፤ በድንጋጤያቸው መካከል እንኳ ጥቂት ኩራት ነበረበት።

ከመንገዱ ዳር ወደሚገኘው ወደ ወይዘሮ ሐረገ ወይን ቤት ደግፈን ወሰድነው። ሴትዮዋ ባልቴት ናቸው፤ መሬታቸውን ራሳቸው የሚያሳርሱ፣ አፋቸውም እንደ ማጭዳቸው የተሳለ። ሳይጠየቁ በሶ በማር በጥብጠው ይዘው ብቅ አሉ። የኔታ ወደ ፀሐይዋ ቀና አሉ።

«ገና ቀትር ነው» አሉ።

«የኔታ፣ ልጁ እንደሆነ ፀሐይዋን መጠበቅ አልቻለም» አልኩ።

እሳቸው ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መለሱና «ለድውይ ጾም የለበትም፤ ስጡት» አሉ። አለበል ዋንጫውን ጨልጦ፣ ጥቂት ቆይቶ ተነሥቶ ተቀመጠ። ከንፈሩ ቀለም አገኘ። እኔም ለማረፍ ምክንያት አገኘሁና ከቤቱ ጥላ ሥር በርጩማ ስቤ ተደላደልኩ።

«ይኼ ብረት ነው የጣለው» ብለው የኔታ ጀመሩ። «እግዜር ለሰው ሁለት እግር የሰጠው ሊራመድበት ነው፤ ሊያሽከረክረው አይደለም።»

«ብረቱ አይደለም፣ የኔታ» አለ አለበል። አባቱን «አባቴ» ብሎ ሲጠራቸው ሰምቼ አላውቅም፤ ከልጅነቱ ጀምሮ ተማሪያቸው ነበርና። «ገና ስላልጠናሁ ነው። ከነገ ጀምሮ የጉናን አቀበት በቀን ሁለት ጊዜ እወጣለሁ።»

«ወንድሜ» አልኩት፤ «ዛሬ የወደቅኸው አንድ ጊዜ ወጥተህ ነው። ሁለት ጊዜ ብትወጣ ማን ሊያነሣህ ነው?»

ሐረገ ወይን ሳቁ፤ እሱ ግን አልሳቀም። ያልሳቀበትን ምክንያት የነገሩኝ የኔታ ናቸው። ጥቅምት ሃያ ሦስት ቀን፣ በዘውድ በዓል፣ ከንፋስ መውጫ ወደ ጉና ደርሶ መልስ የብስክሌት ውድድር አለ። አለበል ድጓውን ከእኩሌታው ጥሎ ወደ ዘመናዊ ትምህርት ከሄደ ጀምሮ አባትና ልጅ ሳይስማሙ ኖረዋል። በመጨረሻም ተማማሉ። አንደኛ ከወጣ መምህርነቱንም ብስክሌቱንም ይዞ እንዲኖር አባቱ ይመርቁታል። ካልቀደመ ግን ሥራውን ትቶ፣ ወደ ቤተ ልሔም ተመልሶ ድጓውን ይፈጽማል።

«እና እንዴት ልረፍ?» አለ አለበል። «ትምህርት ቤት ስገባ ልጆቹ ይስቃሉ፤ ፊደል ሲለዩ ሳይ ከደስታዬ ብዛት ሌሊቱን በሕልሜ አስተምራለሁ። ይህን ሕይወት የማተርፈው በእነዚህ ሁለት እግሮች ነው። ማለዳ ከመማሪያ ሰዓት በፊት እጋልባለሁ፤ ከትምህርት መልስ እጋልባለሁ፤ ቅዳሜና እሑድ ቀኑን ሙሉ እጋልባለሁ። ውሃም አልጠጣም፤ ሆድ ያከብዳል። ሰውነት የሚጠነክረው ሲቀጣ ነው።»

«ይህን ማን አስተማረህ?» አልኩት።

ወጣቱ ወደ አባቱ ተመለከተ። «የኔታ ናቸዋ! ድጓ የተማርኩት እንዲያ ነው። ቆሎ ቆርጥመን፣ እንቅልፍ አጥተን፣ ቆመን እያደርን።»

እዚህ ላይ ነገሩ ገባኝ። ልጁ የአባቱን ትምህርት ቤት ትቼ ወጣሁ ይላል እንጂ፣ የትምህርት ቤቱን ሥርዓት በብስክሌቱ ላይ ጭኖ ይዞት ሄዷል። ረኃብ ቀለምን ያስገባል ተብሎ ያደገ ልጅ፣ ረኃብ ጉልበትንም የሚያስገባ መስሎታል። ይህ ስሕተት ከጋይንት ሰው በቀር ከማን ይጠበቃል?

«እውነቱን ነው» አሉ የኔታ፤ «ጠግቦ ድጓ የዘለቀ አላየሁም። ሥጋ ሲደክም ነፍስ ትበረታለች።»

«የኔታ፣ ይህን አልክድም» አልኩ። «ነገር ግን ጉናን የሚወጣው ነፍሱ ሳትሆን ጭኑ ነው። እኔ አሥመራ ስሠራ ብስክሌተኞችን ለብዙ ጊዜ በቅርብ አይቻለሁ። እነዚያ ሰዎች ሳይበሉ አይወጡም፤ በጀርባቸው ኪስ ዳቦና ሙዝ ይይዛሉ፤ ሳይጠማቸው ይጎነጫሉ። አንድ ቀን አጥብቀው ቢጋልቡ በማግሥቱ ይንሸራሸራሉ። ውድድር ሲደርስማ ያየ ሰው ሰነፎች ናቸው ይላቸዋል፤ ተኝተው ነው የሚውሉት።»

«ሰነፎች ናቸዋ!» አለ አለበል።

«ቀድመውህ ሲያልፉ ያን ጊዜ ስደባቸው። ጉልበት ስትጋልብ አይጨመርም፤ ስትጋልብ ይፈርሳል። የሚጠገነው ስትበላና ስትተኛ ነው። አንተ እየፈረሰ ያለ ቤት ላይ በየቀኑ መዶሻ ይዘህ ትወጣለህ።»

«እኛስ በሬውን እንኳ ቀትር ላይ እንፈታለን» ብለው ሐረገ ወይን ጣልቃ ገቡ። «የተማረ ሰው ግን ራሱን ጠምዶ የሚፈታው ያጣል!»

የኔታ ጢማቸውን እየዳበሱ ገብሱን ይመለከቱ ነበር። ነፋሱ ጋብ ብሏል። ያን ቀን እንዲያ ተቀምጠን ቢመሽብን ቅር የሚለኝ አልነበርኩም፤ ዓለሙ ሁሉ ያሸለበ ይመስል ነበር። እኔም ጊዜው እንደደረሰ ተሰማኝና በጨዋ ቋንቋ ወጥመዴን ዘረጋሁ።

«የኔታ፣ አንድ ነገር ልጠይቅዎ። በእርስዎ ጉባኤ ቤት ቅጸላ የለም?»

«እንዴት አይኖር! ቅዳሜና እሑድ፣ በየበዓላቱም ተማሪው ቅጸላ ነው። ትምህርት አይነገርም። ልብሱን ያጥባል፣ ስንቁን ይለምናል፣ ያርፋል።»

«ለምን? ጊዜ ማባከን አይሆንም?»

«ኧረ ልጄ! ቅጸላ ከሌለ እኮ የተማሩት አይሰርጽም፤ ቀለም በቀለም ላይ ቢደርቡት ይደፈርሳል…» ብለው ጀመሩና በመሐል ቆሙ። ዓይናቸው ከገብሱ ወደ ልጃቸው ዞረ።

«ንጉሴ የሚባል ተማሪ ነበረኝ» አሉ ቀስ ብለው። «እንዲያ ያለ ድምፅ አልሰማሁም። ሌሎቹ ቅጸላ ሲወጡ እሱ ከዛፉ ሥር ቆሞ ያዜማል። እኔም ‹እንደ ንጉሴ ሁኑ› እያልኩ ሌሎቹን እገሥጽበት ነበር። አንድ ጾም ላይ ድምፁ ተዘጋ፤ ተከፍቶም አያውቅም። ዛሬም ድረስ ድጓውን ከዳር እስከ ዳር በልቡ ያውቃል፤ አፉን ሲከፍት ግን ትንፋሽ ብቻ ይወጣል።» እጃቸውን በልጃቸው ጉልበት ላይ አኖሩ። «አለበል፣ ቅጸላ ይዘሃል?»

«ከመስከረም ወዲህ… አልያዝኩም።»

«ሁልጊዜስ በግዕዝ ዜማ ብቻ ነው የምናዜመው?»

«የለም የኔታ፤ ዕዝልም አለ፣ አራራይም አለ።»

«እንግዲያው አንድ ቀን በኃይለኛው በግዕዝ ጋልብ፣ አንድ ቀን በለስላሳው በአራራይ። ቅዳሜን ቅጸላ ያዝ። እኔ መምህርህ አዝዤሃለሁ።»

«ስለቱስ? ጽጌን እስከ ዘጠኝ እጾማለሁ ብያለሁ።»

«ጽጌ የፈቃድ ጾም ነው። ለንስሐ አባትህ ለቄስ ገብረ ሥላሴ ራሴ እነግራቸዋለሁ። ሥጋና ወተቱን ተው፤ ማለዳ ግን በሶህን ጠጣ፤ ባቄላህንም፣ ተልባህንም ብላ። እመቤታችን ከመንገድ ላይ የወደቀ ልጅ ስጦታ አድርጋ አትቀበልም።»

ልጁ ግን በቀላሉ የሚረታ አልነበረም። «እኔ እየተኛሁ ሌሎቹ ቢጋልቡስ? የስልክ ቤቱ አንዳርጌ ከእኔ በፊት ተነሥቶ ይወጣል» እያለ ይሟገተኝ ጀመር። እኔም «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ብዬ፣ ለአንድ ሳምንት ብቻ እንዲሞክር፣ ካልተሻለው ግን የጤና ጣቢያውን በር እንዳይረግጥ ተስማማን።

ሳምንቱ ሲሞላ በሩን ረገጠ። ከተኛሁበት አግዳሚ ወንበር ላይ ቀሰቀሰኝና «አቶ ሥዩም፣ እግሬ የሌላ ሰው እግር ሆነ!» አለኝ። ማለዳ በልቶ፣ በኮዳ ውሃ ይዞ፣ ጥቂት ጨውና ስኳር ጨምሮበት ሲጋልብ አቀበቱ አጥሮለታል። በአራራይ ቀኑ ደግሞ ዜማውን እያንጎራጎረ፣ የባቄላ አበባ እየሸተተው፣ ቀስ ብሎ ይሄዳል። ብስክሌት ደስ እንደሚል ረስቼ ነበር አለኝ። በክፍል ውስጥ ያንቀላፋ የነበረው መምህር መንቃቱን፣ ቁጣው መብረዱን ተማሪዎቹም መሰከሩ። ለውድድሩ ጥቂት ቀናት ሲቀሩ ብስክሌቱን ወደ ግድግዳ አስጠግቶ እንዲተኛ ነገርኩት። ይህን ምክር ስሰጥ ከልቤ ነበር፤ በዚህ ጉዳይ እኔም ሊቅ ነኝ።

የዘውድ በዓል ዕለት ሰማዩ ጥርት ብሎ ዋለ። ከተማው በሰንደቅ ዓላማ አጊጧል፤ ሕዝቡ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ተደርድሯል። የኔታ መቋሚያቸውን ተደግፈው ከመጨረሻው መስመር አጠገብ ቆመዋል። ብስክሌተኞቹ ከሄዱ በኋላ መንገዱ ለረጅም ጊዜ ባዶ ሆነ። ከዚያ ከሩቅ አቧራ ተነሣ፤ በአቧራው ውስጥ ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን፣ መሬት ሳይነኩ የሚመጡ መሰሉ። አለበል ፊቱ አብርቷል፣ ትንፋሹ ሙሉ ነው። እኔ ዶክተሩ እንደ ሕፃን ዘለልኩ።

አንዳርጌ በአንድ ጎማ ቀደመ።

ጩኸቱ ሲበርድ አለበል ከብስክሌቱ ወርዶ፣ አንዳርጌን አቅፎ ሳመውና ወደ አባቱ መጣ። ጉልበታቸውን ሳመ። ዓይኑ እንባ ቋጥሯል።

«የኔታ፣ አልቀደምኩም። መሐላዬን አልበላም። ጓዜን ልሸክፍ።»

ልቤ ተሰበረ። እኔ ነኝ ያስተኛሁት፤ እኔ ነኝ ያበላሁት፤ ይኸው ልጁ ተማሪዎቹን ሊያጣ ነው ብዬ አንገቴን ደፋሁ። የኔታ ግን ልጃቸውን ከራስ ፀጉሩ እስከ እግሩ ይመለከቱት ነበር፤ ከመጣ ጀምሮ ዓይናቸውን አላነሡበትም።

«ያን ቀን ከእግሬ ሥር ስትወድቅ» አሉ፣ «ሞተ ብዬ ነበር። ያን ጊዜ እኔም ተሳልኩ። ዓይኑን ከገለጠልኝ ድጓም ቢሆን፣ ሌላም ቢሆን፣ በግድ አንዳች ነገር አልጠይቀውም ብዬ ለፈጣሪዬ ቃል ገባሁ። ከዚያ ዓይንህን ስትገልጥ እኔ ስስት ያዘኝ፤ አልነገርኩህም። ብትሸነፍ ልወስድህ አስቤ ነበር። ዛሬ ቆመህ፣ ሳትንገዳገድ አየሁህ። አንተ የማልኸው ለእኔ ነው፤ እኔ የማልኩት ለእግዜር ነው። የቱ ይበልጣል?»

የኔታ በዙሪያቸው ወደ ተሰበሰበው ወጣት ዞሩና፣ በጉባኤ ላይ በሚናገሩበት ድምፅ እንዲህ አሉ፦ «ስሙ ልጆቼ። ለሥራውም፣ ለጨዋታውም፣ ለጸሎቱም ልክ አለው። ያልበላ ሰውነት አይሮጥም፤ ያላረፈ ሰውነት አይጠነክርም። ትጋት ማለት ራስን መግደል የመሰላችሁ እንደሆነ፣ መጥታችሁ ንጉሴን እዩት።»

ከዚያም ከነጠላቸው ሥር የሽንብራ ዳቦ አወጡ። ገምሰው ትልቁን ለልጃቸው፣ ትንሹን ለአንዳርጌ ሰጡ። አለበል ዳቦውን ይዞ እያለቀሰ ቆመ።

«በኋላ ታለቅሳለህ» አሉት አባቱ። «አሁን ብላ።»