የካድሬው ዚፕ

ዚፕ አንዴ ሊያሳስረኝ ነበር። በደርግ ጊዜ ነው፤ ሐዋሳ አስተምራለሁ። ታቦር ቀበሌ ስብሰባ ላይ ካድሬው ስለ ሶሻሊስት አገሮች ፈጠራ ያስረዳናል፤ የሱሪው ዚፕ ግን ወለል ብሎ ተከፍቷል። ሴቶቹ በነጠላቸው አፋቸውን ይዘዋል፣ ደፍሮ የሚነግረው ጠፋ። "ጥያቄ ያለው?" ሲል እጄን አወጣሁ።

"ጓድ፣ ዚፕን የፈጠረው ማነው?"

"እስቲ አንተው ንገረን" አለኝ ቆጣ ብሎ።

"አሜሪካዊ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሳይታሰብ እየተከፈቱ ሰው ያሳፍሩ ነበር። ኋላ አንድ የስዊድን ተወላጅ መሐንዲስ አስተካከለው።"

ካድሬው ቀስ ብሎ ወደ ታች አየ። አለቀልኝ አልኩ። ፊቱን አዙሮ ዚፑን ጎተተው፤ አልዘጋ አለው።

"አያችሁ ጓዶች፣ ኢምፔሪያሊዝም የት ድረስ እንደገባ" አለና ግራ እጁን አነሳ። "ይውደም" አልን በአንድ ድምፅ። ቀኝ እጁ ዚፑን እንደያዘ ነበር።