የድልድያችን ተሸካሚዎች

ከሰፈራችን በታች፣ ጥብቁ ደን ውስጥ የነበረችውን የእንጨት ድልድይ ክረምት ላይ ወንዙ ጠራርጎ ወሰዳት። በብረት ትተካ ተብሎ መዋጮው ሲነገረን ክው አልኩ። ለካ ከወጪው ግማሹ የተሸካሚ ነው! የኮሚቴው ሰብሳቢ ጋሽ ደምሴ፣ «ደኑ ጥብቅ ነው፤ መኪና ዝር አይልበትም። ብረቱ የሚገባው በሰው ትከሻ ነው» አሉን። ነገሩ አልጣመኝም። ግን ልጆቻችን ትምህርት ቤት የሚሄዱት በዚያው ነው፤ ምን አባቴ ላድርግ፣ ከፈልኩ።

ብረቱ ገባ በተባለ ማግስት ጎረቤቴ እትዬ ወርቄ ተሸካሚዎቹ አሳዝነዋቸው ሁለት ትልልቅ ድፎ ዳቦ ጋገሩ። እኔን አሸክመውኝ ወረድን። ወንዙ ዳር ስንደርስ ብረቱ በስርዓት ተከምሯል፤ ሰው የሚባል ግን የለም። በዚያ ደን ውስጥ ሸክም ይዞ የሚያልበው እኔ ብቻ ነበርኩ! ወደ መሬት ሳይ፣ ከደኑ መግቢያ እስከ ክምሩ ድረስ ጭቃውን የከባድ መኪና ጎማ አርሶታል። እትዬ ወርቄም ጎንበስ ብለው አዩት። «በል ዳቦውን ያዝና እንመለስ» አሉኝ።

ዳገቱን ስንጨርስ ጋሽ ደምሴ ፊት ለፊት መጡ። ገና ሰላም ሳንባባል፣ «አያችኋቸው ምስኪኖቹን? ትከሻቸው ተልጧል እኮ! እስቲ ትንሽ ጨመር አድርጉላቸው» አሉን። እኔ ዳቦውን ከትከሻ ትከሻ አዛወርኩ። እትዬ ወርቄ ግን ነጠላቸውን አስተካክለው እንዲህ አሏቸው፦

«ትከሻቸውን እንኳ አላየንም ደምሴ። ጎማቸው ግን ደህና ነው፣ አታስብ።»