ለአውሮፕላን የሄዱት አማላጅ

ጫማውን ለጫማ ሰፊ ሰጥቶ በካልሲ የተቀመጠ ሰው የትም ሊሸሽ አይችልም። የአየር መንገዱ የበረራ ምደባ ኃላፊ ይህን የተረዳው ዘግይቶ ነው። ቀና ሲል እማማ ቁልፍ ሻርፓቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ ከላይ እስከ ታች እያዩት ፊቱ ቆመዋል።

«አንተ ነህ?» አሉት።

«እኔ ነኝ እትዬ። እንደምን ዋሉ?» ሊነሳ ሞከረና ካልሲውን አስታውሶ መልሶ ተቀመጠ።

«ተቀመጥ፣ ተቀመጥ። እናትህ ሥራ ስትውል በዚህ ጀርባዬ አዝዬ ያሳደግሁህ ልጅ ለእኔ ባይነሳም አልቀየምም።»

ጫማ ሰፊው ሳቁን በመዶሻው ድምፅ ሸፈነ።

እማማ ቁልፍ የሚለውን ስም ያወጣላቸው ሰፈሩ ነው። ፊደል አልቆጠሩም፤ ግን የትኛው ቢሮ ያለችው የትኛዋ ጸሐፊ የማን እህት እንደሆነች ያውቃሉ። ውኃ የተቋረጠበት፣ ልጁ ትምህርት ቤት ቦታ ያጣ፣ ማመልከቻው መሳቢያ ውስጥ ተረስቶ የቀረበት ሁሉ የሚመጣው እሳቸው ዘንድ ነው። ሻርፓቸውን ጣል አድርገው ከወጡ ባዶ እጃቸውን አይመለሱም። ኩራታቸውም ይኸው ነበር፤ እውነቱን ለመናገር፣ ትንሽ በዝቶባቸው ነበር።

«ልጄን ታውቃታለህ» አሉ። ልጄ የሚሉት የልጃቸውን ልጅ ነው። «አብራሪ ሆና እናንተ ዘንድ የገባችውን።»

«አውቃታለሁ። ጎበዝ ልጅ ናት።»

«ጎበዝ ከሆነች እዚያች ከፊት ማራገቢያ የተሰካባት ነገር ላይ ለምን ጣልካት?»

«እትዬ፣ ጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ በትንሿ አውሮፕላን በአጭር በአጭሩ መስመር ይበራል። የበረራ ሰዓቱን ሲሞላ በተራው ወደ ትልቁ ይሄዳል።»

«የላይኛው ፎቅ ጎረቤታችን ልጅስ? አብሯት ተመርቆ ጄት ላይ አይደል የተመደበው?»

ኃላፊው ሳል መጣበት።

«እናቱ ደረጃ ላይ ስታገኘኝ አገጯን ሰቅላ ነው ሰላም የምትለኝ» አሉ እማማ ቁልፍ። «እኔ ደግሞ ልጄ ትልቁን ነው የምታበረው ብዬ ሰፈሩን አዳርሻለሁ። አሁን ምኑን ላሳይ? ከአውቶቡስ የማትበልጥ ነገር! ወደ ትልቁ አዛውርልኝ።»

«ተራ አለው እኮ ነው የምልዎ።»

«ተራ! አንተን ሳዝል ተራ ጠብቄ ነው?»

ኃላፊው ጫማው አለቀለትና «እስቲ አያለሁ» ብሎ ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን ይህ ቃል የጨዋ እምቢታ ነው ብሎ ይተወው ነበር። እማማ ቁልፍ ግን ሰውየውን ያውቁታል፤ ልጅ ሆኖም ከተቆጡት ያደርግ ነበር።

አደረገውም።

ሳምንት ሳይሞላ ልጅቷ ከበረራ ስትመለስ እንደ ወትሮዋ በሩን በእግሯ ገፍታ «ራበኝ!» እያለች አልገባችም። ባለ ጎማ ሻንጣዋን መግቢያው ላይ ተወችው፤ የደንብ ልብሷን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«እማዬ፣ የምደባ ኃላፊውን አግኝተሽው ነበር?»

«አግኝቼዋለሁ» አሉ፣ ምስጋናውን ለመቀበል ተደላድለው እየተቀመጡ። «ተሳካ?»

«ተሳካ። ከትንሿ ሊያወርዱኝ ነው። ስሜ ወደ ጄት ከሚዛወሩት ጋር ገብቷል። ነገ ከሰዓት በኋላ ይጸድቃል፤ ከጸደቀ በቀላሉ አይመለስም።»

«እሰይ! ታዲያ ምን አስለቀሰሽ?»

«አላለቀስኩም።»

«ዓይንሽ ምን ሆኖ ነው?»

«ተናድጄ ነው!»

ከዚህ በኋላ የተባለውን ግማሹን ጎረቤት ሰምቶታል፤ ግድግዳው ስስ ነውና።

«ትልቅ ቦታ ተቀመጪ ባልኩ ክፉ ሆንኩ?»

«እማዬ፣ አብራሪ የሚለካው በተቀመጠበት አውሮፕላን ትልቅነት አይደለም፤ በበረረው ሰዓት ነው። ሰማይ ላይ መሪውን ይዤ ያሳለፍኩት ሰዓት ተቆጥሮ ሲሞላ ነው ካፒቴን የምሆነው። እሱን ደግሞ ማንም አያበድረኝም።»

«ጄቱስ አይበርም? ሩቅ አይደል የሚሄደው? ሩቅ ከሄደ ሰዓቱ ይበዛል። ባልማርም ይህን አላጣውም።»

እዚህ ላይ አሮጊቷ አልተሳሳቱም፤ ልጅቷም አልካደችም።

«ልክ ነሽ፣ ከበረርኩ ይበዛል። ግን እስክበር ድረስ እንደገና ትምህርት እገባለሁ። ከዚያ መሬት ላይ ተተክሎ በረራ የሚያስመስል ማሽን አለ፤ በእሱ ሳይፈተን ማንም ጄት አይነካም። ወረፋው ደግሞ አያድርስ ነው። እስኪደርሰኝ እቤት ቁጭ ማለት ነው። ሌላም ልንገርሽ፤ ለጀማሪ ከባዱ ሰማይ ላይ መቆየቱ አይደለም፤ መነሳትና ማረፉ ነው። ትልቁ ሩቅ ሄዶ አንዴ ያርፋል፤ እሱንም ብዙ ጊዜ ካፒቴኑ ለራሱ ያስቀረዋል። የኔዋ ግን አንዱ ጋ ታወርዳለች፣ ሌላው ጋ ትጭናለች፣ ቀኑን ሙሉ ስትነሳና ስታርፍ ትውላለች። ዛሬ ነፋሱ ከጎን እየገፋን፣ ካፒቴኑ እጁን ጉልበቱ ላይ አድርጎ ‹ያንቺ ናት› አለኝ። አሳረፍኳት። ከኋላ የተኛ ሕፃን ነበር፤ አልነቃም።»

የእማማ ቁልፍ ፊት ሊበራ ሲል ቶሎ ብለው ያዙት። ሲከራከሩ መደሰት ሽንፈት ይመስላቸዋል።

«ቢሆንም ነገር የሚሆነው በሰው ነው» አሉ። «አባትሽን ሥራ ያስገባው ማን ነው? እናትሽ ምጥ ይዟት አልጋ የለም ሲሉን፣ ዋናውን ሐኪም ከምሳው ያስነሳሁት እኔ አይደለሁም? ያን ቀን አፍሬ ዝም ብል ኖሮ መተላለፊያ ላይ ነበር የምትወለጂው!»

«ለእሱ እጅሽን እስማለሁ። ሰው ምጥ ይዞት አልጋ ሲጠፋ መጮህ ሌላ ነው። ግን አንቺ ዓይንሽን ልትታከሚ ብትገቢ፣ መሣሪያውን የያዘው ሐኪም በአክስቱ ልመና ነው የተመደበው ቢሉሽ ትተኚለታለሽ?»

«አክስቱን አይቼ ነዋ!»

ልጅቷ ሳትወድ ሳቀች፤ ሳቋ ግን አልቆየም።

«እማዬ» አለች ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፤ «በዚህ ቤት ያለው ሁሉ በአንቺ ልመና የመጣ ነው። የአባቴ ሥራ፣ ውኃው፣ የወንድሜ ትምህርት ቤት። ማንም ያልለመነልኝ አንድ ነገር ቢኖር ማብረሬ ነበር። የተፈተንኩትም ያለፍኩትም ራሴ ነኝ። አሁን ጄቱ ውስጥ ስገባ ካፒቴኑ አየት አድርጎኝ ‹በማን በኩል መጣሽ?› ቢለኝ ምን ልበለው? በአያቴ ጀርባ?»

ይህ ወጋቸው። ኩሩ ሰው ሲወጋ ዝም አይልም፣ ምስክር ይጠራል። መስኮቱን ከፍተው ወደ ላይ ተጣሩ።

«አንተ ጄቱ! ውረድ እስቲ!»

ጄቱ የሚሉት ያንኑ የጎረቤት ልጅ ነው፤ ከተመደበ ወዲህ ሰፈሩ ሌላ ስም አልጠራውም። በነጠላ ጫማ እየተጎተተ ወረደ። በሥራ ቀን ነጠላ ጫማ ማድረጉን እማማ ቁልፍ ልብ አላሉትም።

«ለዚች ንገርልኝ» አሉት። «ጄት ላይ መመደብ ምን ያህል ክብር እንደሆነ አፍህን ሞልተህ ንገርልኝ።»

ልጁ ጭንቅላቱን አከከ። «እማማ፣ እናቴ አትሰማም አይደል?»

«አትሰማም። ተናገር።»

«ከተመደብኩ ወዲህ ጄቱን የማየው እንደ እርስዎ አንጋጥጬ ነው።»

«ምን ማለትህ ነው?»

«ትምህርቱን ጨረስኩ፤ የማሽኑን ወረፋ እየጠበቅሁ ነው። ከእኔ በኋላ ተቀጥረው ትንሿ ላይ የገቡት በሰዓት ጥለውኝ ሄደዋል። እጄ እንዳይረሳ እናቴ ገበያ ስትወጣ የድስት ክዳን ይዤ ወንበር ላይ አበራለሁ።»

«ታዲያ ምን አባህ አስገባህ?»

«እኔ መቼ ገባሁ? አጎቴ ነው ለምኖ ያስገባኝ። አሁን በዚያ በኩል ሳልፍ ‹በአጎቱ የገባው መጣ› ይሉኛል።» ወደ ልጅቷ ዞረ። «አንቺ ዛሬ ስንቴ አሳረፍሽ?»

ነገረችው። ልጁ የራበው ሰው የሌላውን ሳህን እንደሚያይ አያትና ምራቁን ዋጠ።

ያን ሁሉ ክርክር የቻሉትን ሴትዮ ያ ምራቅ አሸነፋቸው። ቀስ ብለው ተቀመጡ።

«ትልቁ መጥፎ ነው እንዴ ታዲያ?»

«ግሩም ነው እንጂ!» አለች ልጅቷ። «ሰዓቴን ሞልቼ፣ ተራዬ ሲደርስ እሄድበታለሁ። ያን ጊዜ ማንም በማን በኩል መጣሽ አይለኝም።»

«ነገ ጠዋት አብሬሽ እወጣለሁ።»

«ምን ልትዪ?»

«የተናገርኩትን ልመልስ። ተናግሬ የመለስኩት ነገር የለም፤ እንዴት እንደሚባል መንገድ ላይ አስብበታለሁ።»

የምደባ ክፍሉ መተላለፊያ ጠባብ ነው፤ በግድግዳው ጥግ ወንበሮች ተደርድረዋል። እማማ ቁልፍ እዚያ የሚጠብቁት አብራሪዎች ይመስሏቸው ነበር። ያገኙት ግን ባርኔጣ ያደረጉ አንድ ሽማግሌ፣ የብርቱካን ከረጢት ጭኗ ላይ ያስቀመጠች ወይዘሮና ክራቫቱን ደጋግሞ የሚያስተካክል ሰው ነበር።

«እርስዎም ለልጅ ነው?» አሏቸው ሽማግሌው ጠጋ ብለው ቦታ እየሰጡ።

«በምን አወቁ?»

«ሁላችንም ለዚያው ነና! የወንድሜ ልጅ የሌሊት በረራ በዝቶበታል፤ ወደ ቀን እንዲያዞሩልኝ ነው። እሷ ደግሞ ልጇ ሩቅ ከተማ ተመድቦባት ነው።»

እማማ ቁልፍ ዕድሜ ልካቸውን እንዲህ ያለ ወንበር ላይ ተቀምጠዋል። በሌላ ሰው ላይ ሲያዩት ግን የመጀመሪያቸው ነው፤ አላማራቸውም። ቢሆንም ልማድ በአንድ ቀን አይለቅም፤ ጸሐፊዋን «የእናትሽ ጉልበት እንዴት ሆነ?» ብለው ጠየቋትና መልሱን ሳይጠብቁ ገቡ።

«ልጄን መልስልኝ» አሉት ኃላፊውን፣ እንደቆሙ። «ወደ ትንሿ።»

ኃላፊው መነጽሩን አወለቀ። «እትዬ፣ እንዲህ ቀላል መሰለዎ? ለእርስዎ ብዬ እኮ ተራው የደረሰውን ልጅ አውጥቼ ነው ያስገባኋት።»

«የማንን ልጅ?»

«የማንም። ማለቴ… እናት አባት የሉትም። ሰዓቱን ሞልቶ ተራውን ሲጠብቅ የነበረ ልጅ ነው።»

«ከሁሉ እሱን ለምን መረጥክ?»

«ማንም መጥቶ አይጮህለትም ብዬ ነዋ» አለ፣ ወደ ጠረጴዛው እያየ።

ያኔ ነው እማማ ቁልፍ የልመናቸውን ዋጋ ማን እንደከፈለው የገባቸው። እስከዚያ ቀን ለአንዱ በር ባስከፈቱ ቁጥር ማን ላይ እንደተዘጋ ጠይቀው አያውቁም ነበር።

«እኔ እጮህለታለሁ» አሉ።

«እትዬ…»

«ዝም በል! ለምኜህ ነበር፤ አዎ። አንተ ደግሞ እምቢ ማለት ነበረብህ! ‹እትዬ፣ ወደ ቤትዎ ይሂዱ› ብትለኝ ትንሽ አኩርፌ ይለቀኝ ነበር።»

«እርስዎን እምቢ ያለ ሰው አለ?»

«አንተ ጀምረዋ! አሁን የዚያን ልጅ ስም መልስ። ደግሞስ የተራውን ዝርዝር መሳቢያ ውስጥ የምትቆልፍበት ምን ሚስጥር አለው? ማን ስንት ሰዓት እንደበረረ፣ ተራው የማን እንደሆነ በሩ ላይ ለጥፈው። ማንበብ የማይችል እንደ እኔ ያለ ያስነብባል። ሰው አይቶ ሲያውቀው አንተን ለመለመን ያፍራል።»

ኃላፊው ብዕሩን አንስቶ አንዱን ስም ሰረዘ፣ ሌላውን ጻፈ፤ ሲጨርስ ወንበሩ ላይ ወደኋላ ተደግፎ በረጅሙ ተነፈሰ። ለካስ ለማኙ ብቻ አይደለም የሚደክመው።

እማማ ቁልፍ ሲወጡ እነዚያ ሰዎች አሁንም እንደተቀመጡ ናቸው።

«ተሳካልዎ?» አሉ ሽማግሌው።

«በደንብ። እርስዎ ግን ይነሱ። ለወንድምዎ ልጅ ቀኑ ከተሰጠው ሌሊቱን ማን ይበረዋል?»

«ሌላ ሰው ነዋ።»

«ያ ሌላ ሰው አጎት የሌለው ነው። የሁሉንም ሌሊት ብቻውን ተሸክሞ ይደክማል። እርስዎ በሌሊት ሲሳፈሩ መሪውን የሚይዝልዎ እሱ ነው፤ ያን ጊዜ ዓይኑ ክድን ቢል ማንን ሊለምኑ ነው?»

ሽማግሌው ባርኔጣቸውን አወለቁ፣ ውስጡን አዩት፣ መልሰው አደረጉት። «አፍዎ ይነክሳል» አሉ።

«ጥርስ የለበትም፣ አይፍሩ። ይልቅ ልጁ በእርግጥ ከተራው በላይ ተጭኖበት ከሆነ ራሱ ገብቶ በግልጽ ይናገር። ትልቅ ሰው አይደለም እንዴ?»

ሽማግሌው ተነሱ። ወይዘሮዋም ተከተለቻቸው።

«ብርቱካኑንስ ምን ላድርገው?» አለች።

«ለልጅሽ ላኪለት። ሩቅ ነው ያለው አላልሽም?»

ባለ ክራቫቱ ግን አልተነሳም። ሁሉም ሰው በአንድ ጠዋት አይመለስም።

ከዚያ ወዲህ ተራው በሩ ላይ ይለጠፋል። ይህ ትንሽ ነገር የሚመስለው ሰው ካለ ልቡን ሰጥቶ ይስማ። ጀማሪው ተራው መቼ እንደሚደርስ ስለሚያውቅ ሐሳቡ ሥራው ላይ ነው። ካፒቴኑ አጠገቡ የተቀመጠችው ልጅ ሰዓቷን ሞልታ እንደመጣች ስለሚያውቅ ‹ያንቺ ናት› ብሎ እጁን ያነሳል። ተሳፋሪው ይህን ሁሉ ሳያውቅ እያንቀላፋ ቤቱ ይገባል፤ ትልቁ ጥቅም ይኸው ነው። የእማማ ቁልፍ ልጅ በትንሿ ላይ ማረፉን በነፋስም በዝናብም እየተማረች ናት፤ ጄቱም በመጨረሻ ራሱ ጠይቆ ወደ ትንሿ ወርዷል፤ እናቱ ግን ለሰፈሩ እስካሁን አልተናገረችም።

አንድ እሑድ አንድ ቀጭን ወጣት በራቸውን አንኳኳ። ኮፍያውን በእጁ ይዟል።

«እማማ፣ ለማመስገን ነው የመጣሁት።»

«ማን ነህ አንተ? ምን ሰጥቼህ?»

«ጄት ላይ ተራዬን ያስመለሱልኝ ነኝ።»

«ተራው የማን ነበር?»

«የእኔ።»

«የራስህን ነገር ለወሰድክ ምስጋናው ምንድን ነው? ሂድ፣ ሥራህን ሥራ!»

ወጣቱ አንገቱን ደፍቶ ደረጃውን መውረድ ጀመረ። እማማ ቁልፍ በሩን ሊዘጉ አሉና ተዉት።

«ና ተመለስ! ምሳ ቀርቧል» አሉት። «እዚህ ቤት ሰው የሚገባው በተራ አይደለም።»