የአናጢው የመመለሻ ፈቃድ

ተርጓሚዋ ጉርድ ፎቶ ልትነሳ ፎቶ ቤት ገብታ ተራዋን ስትጠብቅ፣ ከነጩ መጋረጃ ፊት የተቀመጡትን ሰው ዐይኗ ያውቃቸዋል፣ ልቧ ግን አላውቃቸውም ይላታል። ሰፊው ትከሻ፣ ከጆሮ ጀርባ የተሰካችው እርሳስ፣ ሁሉም የሰፈሩ አናጢ ነው። ፎቶ አንሺው «አገጭዎን ቀና፣ አይሳቁ» ሲል ነው የጎደለው የገባት። ሪዛቸው የለም! «ጋሽ ሪዙ» ያሰኛቸው ያ ድፍን ሪዝ ሙልጭ ብሎ ተላጭቷል።

ተርጓሚዋ ነገር ካልገባት ምግብ የማይበላላት ሰው ናት። ሲነሱ ጠብቃ ቀረበቻቸው።

«ጋሼ፣ በደህና ነው? ሐዘን ደረሰብዎ እንዴ?»

«የምን ሐዘን? ዘመኑ ተለውጧል ብዬ ነው።»

«ዘመኑማ ስንቴ ተለወጠ፤ እርስዎ መቼ ነክተውት ያውቃሉ?»

አናጢው ፎቶ አንሺውን በጎን አዩና እጅጌዋን ይዘው ወደ በሩ ሳቧት። «ፓስፖርት ላወጣ ነው» አሉ በሹክሹክታ። «በአዲስ ስም።»

የተርጓሚዋ ቢሮ እዚያው ፎቅ ላይ ነው፤ አንድ ጠረጴዛ፣ ሁለት ወንበር፣ በየገጹ የምታጉረመርም ማተሚያ። ወንበሩን ሳበችላቸው። አናጢው መጀመሪያ ጎንበስ ብለው እግሩን ነቅነቅ አደረጉት፤ «ይኼ ሙጫ ይፈልጋል» አሉና ተቀምጠው ጉዳያቸውን አወጉ።

ከአሥራ ሦስት ዓመት በፊት ባሕር ማዶ በአንድ የቤት ዕቃ ፋብሪካ ተቀጥረው ነበር። የሥራ ፈቃዳቸው ሲያበቃ ሳያሳድሱ ሁለት ዓመት ቆዩ። ተያዙ፣ አሻራ ሰጡ፣ ከሀገር ይውጣ የሚል ትእዛዝ ተጽፎባቸው ተመለሱ። ከዚያ ወዲህ ልጃቸው አግብታ እዚያው ሀገር ገብታለች፤ ኑሮዋ በሕግ ነው። አሁን የመጀመሪያ ልጇን ልትወልድ ሦስት ወር ቀርቷታል። እናቷ በሕይወት የለችም።

«'አባባ፣ አንተ እንኳ ና' ብላኛለች» አሉ አናጢው፣ መዳፋቸውን እያዩ። «እኔ ደግሞ አትመለስም ተብያለሁ። ስለዚህ ስሜን በፍርድ ቤት አስለውጣለሁ፤ የቪዛው ቅጽ 'ከዚህ በፊት ከሀገር እንዲወጡ ታዘዋል?' ሲል 'የለም' እላለሁ። አለቀ።»

«ይህን ማን መከረዎት?»

«ፀጉር አስተካካዬ።»

ተርጓሚዋ ሳቋን ዋጠችው። «ጋሼ፣ አሻራ ሰጥቻለሁ አላሉኝም? ስሙን ቢለውጡ ጣትዎን ምን ያደርጉታል?»

«ሠላሳ ዓመት በብርጭቆ ወረቀት የተፋቀ ጣት አሻራ አለው ብለሽ ነው?»

«ያኔ ሲያነሱዎት አልወጣም?»

አናጢው የጣቶቻቸውን ጫፍ አሻሹ። «ወጥቷል» አሉ ቅር እያላቸው።

«እንግዲያው ዛሬም ይወጣል። ያኔ ጥፋትዎ ቀን ማሳለፍ ብቻ ነበር፤ በዚህ ላይ ማታለል ሊጨመርበት ነው። ለምን ፈቃድ አይጠይቁም?»

«አይ ልጄ! ጥፋቴን በገዛ እጄ ጽፌ ልስጣቸው?»

«ጥፋትዎ እኮ እነሱ ዘንድ ተጽፎ ተቀምጧል። የቀረው የእርስዎ ቃል ነው።»

አናጢው ግን በቀላሉ የሚረቱ አልነበሩም። ባለሥልጣን ፊት አንገት ደፍቶ ዝም ማለትን እንደ ጨዋነት ቆጥረው ያደጉ ሰው ናቸው፤ ዝምታ መዝገብ የሚፍቅ ይመስላቸዋል። ብዙዎቻችንም እንዲሁ ነን። ተርጓሚዋ ክርክሩ እንዳልሠራ ባየች ጊዜ ሌላ ነገር ጠየቀች።

«የልጅዎ መታወቂያ ላይ፣ ከስሟ ቀጥሎ የተጻፈው የማን ስም ነው?»

«የእኔ ነዋ! የአባቷ ካልሆነ የማን ሊሆን ነው?»

«እርስዎ በሌላ ስም ሲሄዱ ታዲያ፣ የጥሪ ደብዳቤውን ስትጽፍ ምኔ ነው ልትል ነው?»

የአናጢው እጅ ከላይኛው ከንፈራቸው ላይ የለመደውን ሪዝ ፈልጎ አጣ። ከወንበሩ ተነሡ። «ያን የትእዛዙን ወረቀት ላምጣልሽ» አሉ።

ወረቀቱ በሥራ ቤታቸው፣ ከመሣሪያ ሣጥኑ ሥር በላስቲክ ተጠቅልሎ ነበር። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ፈርተውት አንድ ቀን እንኳ አልገለጡትም። ያኔ ያስረዳቸው ሰው ቸኩሎ፣ «አትመለስም ነው የሚለው» ብሏቸው ነበር። ቢሮዋ ሲያመጡላት ተርጓሚዋ ሁለተኛውን ገጽ ገልጣ በጣቷ እየተከተለች ወደ አማርኛ መለሰችው።

«'ከመንግሥት የጽሑፍ ፈቃድ ካላገኘ በስተቀር፣ ተመልሶ ሊገባ አይችልም።'»

«'ካላገኘ በስተቀር' የሚለውን ማን ጨመረው?»

«ማንም አልጨመረም። ከመጀመሪያውም አለ።»

አናጢው ወረቀቱን ተቀብለው፣ ቋንቋውን ባያነቡትም መስመሩን አተኩረው አዩት። «ዘጠኝ ዓመት!» አሉ።

«እንዳላታልልዎት፣ መጠየቅ ይችላሉ ማለት ይሰጥዎታል ማለት አይደለም። ቪዛው ራሱን የቻለ ሌላ ጥያቄ ነው። ጊዜም ይፈጃል።»

«ለመውለዷ እደርሳለሁ?»

«አይመስለኝም።»

ይህን ስትል በሩን ዘግተው ይወጣሉ ብላ ፈርታ ነበር። አናጢው ግን እርሳሳቸውን ከጆሯቸው አወረዱ። «ጻፊ» አሉ፣ እርሳሱን እየሰጧት።

የፈቃድ መጠየቂያው ደብዳቤ የሦስት ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀ። አናጢው «አሠሪዬ አታለለኝ ብለሽ ጀምሪ» ቢሏት ተርጓሚዋ ቀና ብላ፣ «አታልሎዎታል?» አለች።

«...አላታለለኝም። ያሳድስልኛል ብዬ ነበር፤ አልጠየቅሁትም። በኋላ ማለፉን ሳውቅ ደግሞ ፈራሁ።»

«እሱን ነው የምንጽፈው።»

ለምን እንደቆዩ፣ ከተመለሱ ወዲህ እንዴት እንደኖሩ፣ ለምን አሁን መሄድ እንደፈለጉና መቼ እንደሚመለሱ ሁሉ በራሳቸው ቃል ሰፈረ። ለማስረጃ የሥራ ቤታቸውን ፈቃድና የልጃቸውን ጥሪ አያያዙ። ልጅቱ በጥሪው ላይ ከ«ዝምድና» ትይዩ «አባት» ብላ ጽፋ ነበር። አናጢው ያችን ቃል ሁለት ጊዜ አስነበቡ፤ ከዚያ ደብዳቤው ተላከ።

ልጅቱ ወለደች፤ መልስ አልመጣም። የሕፃኑን ድምፅ በስልክ ሰሙና በማግስቱ ተርጓሚዋ ቢሮ መጥተው፣ የወንበሩን እግር በሙጫ አጣብቀው ሄዱ። ተርጓሚዋ ያን ቀን ሥራ አልያዝላት አለ፤ በፀጉር አስተካካዩ መንገድ ቢሄዱ ኖሮ ይደርሱ ነበር ይሆን እያለች ስትብሰለሰል ዋለች።

ሕፃኑ አምስት ወር ሲሞላው ፈቃዱ መጣ፤ ቪዛው ተከተለ። አናጢው በሄዱ በሦስተኛው ቀን ደወሉላት።

«አውሮፕላን ማረፊያው ውስጥ፣ ፓስፖርት የሚያዩበት መስኮት ጋ አስቆሙኝ» አሉ በሹክሹክታ። «አሻራዬን አነሡኝ፤ ያ የዱሮው ነገር ሁሉ ወጣ። 'ከዚህ ሀገር እንዲወጡ ታዘው ነበር?' አለችኝ መስኮቱ ላይ ያለችው። 'አዎን፣ ፈቃዱም ይኸው' አልኳት። 'ለምን ቆዩ?' ስትለኝ የጻፍነውን ነገርኳት። የጻፍነው የሆነው ነው፤ ምን ይጠፋኛል? ማህተሙን መታችልኝ።»

«ያኔ ሌላ ስም ይዘው ቢሆን ኖሮ...»

«ከዚያው መስኮት ይመልሱኝ ነበራ! ልጄንም ጥያቄ ውስጥ አስገባት ነበር። አሁን ከሰው ጋር በመንገድ ስሄድ ፖሊስ ሳይ ልቤ አይመታም። ቀኔ ሳያልፍ እወጣለሁ፤ በመጣሁበት መንገድ ደግሜ ልጠይቅ እችላለሁ። የዱሮ ፋብሪካ ጓደኛዬም እንደኔው ታዞ የወጣ ወንድም አለው፤ 'ወረቀቱን አንብቡት፣ እስከ መጨረሻው አንብቡት' አልኩት።»

ሰው ሕግን በሩቁ ሲፈራው ግድግዳ ይመስለዋል፤ ቀርቦ ሲያነበው ግን የት ማንኳኳት እንዳለበት ያያል። ለሁሉም አይከፈትም፤ ያልጠየቀ ግን መልሱን አያውቀውም። ተርጓሚዋ ይህን እያሰበች፣ «ግን ጋሼ፣ ለምንድን ነው እንዲህ በሹክሹክታ የሚያወሩት? ማን እንዳይሰማዎት ነው?» አለች።

«ክንዴ ላይ ተኝቷል» አሉ አናጢው። «አንድ ሰዓት ሆነኝ፤ ክንዴ በድኗል፤ ማንም እንዲወስደው አልፈልግም።»