ገመዱን አዙሬ የሰቀልኩ ጊዜ

በእኛ ጊዜ፣ ልጆቼ፣ ሰው የቤቱን ቁልፍ ለጎረቤት ሲሰጥ ትልቅ ነገር ነበር፤ እና እኔ እዚህ ቴክሳስ፣ ዋይሊ ከተማ ቁልፍ የሰጠችኝ አንዲት ሴት ብቻ ናት፣ ሚቺኮ፣ ያቺ አጥሯ ከእኛ አጥር የሚያያዘው ጃፓናዊት። እናታችሁ ሥራ ስትሄድ ቀኑን ሙሉ የማወራው ከእሷ ጋር ነው። የሁለታችን እንግሊዝኛ ቢደመር የአንድ ሕፃን አይሞላም፣ ግን እንግባባለን።

ታዲያ ለዓይኗ ኦፕሬሽን አዲሰን ከተማ፣ ልጇ ዘንድ አንድ ሳምንት ልትቆይ ሆነ፣ እና «እዚያ መደርደሪያ ላይ ጠዋት ጠዋት ውሃውን፣ ሩዙን፣ ጨውን ቀይሪልኝ» አለችኝ። «ኦኬ፣ ኦኬ» አልኳት። ቀና ብዬ ሳይ፣ ትንሽዬ የእንጨት ቤት! ከላዩ የገለባ ገመድ፣ በገመዱ ላይ ነጭ ወረቀት ተንጠልጥሎ። «ምንድነው ይሄ?» ስላት «የካሚዎቹ ነዋ» አለች። ሃይማኖቱን ሺንቶ ይሉታል፤ ተራራውም፣ ምንጩም፣ ትልቁም ዛፍ ካሚ የሚሉት መንፈስ አለው ይላሉ። ልጅ ሲወለድ ካሚው መቅደስ ወስደው ያስባርኩታል፣ አዲስ ዓመት ሲገባ ደግሞ እጃቸውን ታጥበው፣ አፋቸውን ተጉመጥምጠው መቅደሱ ፊት ያጨበጭባሉ።

እኔ ታዲያ ማተቤን ጨብጬ «በስመ አብ!» አልኩ። እኔ እኮ ነኝ! ከእናቴ ጋር የአድባሩን ዋርካ ቅቤ ስቀባ ያደግሁት ሴትዮ፣ ቴክሳስ ስገባ መነኩሲት ሆኜ አረፍኩላችሁ! ግን እሺ ብያለሁ፣ እሺ ካልኩ ደግሞ አልቀርም። እና ምን ዘዴ አመጣሁ መሰላችሁ? ነጠላዬን ዓይኔ ላይ ጣል አድርጌ በዳበሳ! ሳላይ ካቀረብኩ አይቆጠርብኝም ብዬ።

ሁለት ቀን ተሳካልኝ። በሦስተኛው ነጠላዬ ገመዱን ያዘውና ዱብ! ቤቱም፣ ሩዙም፣ ጨውም መሬት። ልሰግድለት ነው ብዬ የፈራሁት ሴትዮ፣ ጭራሽ ፊቱ ተንበርክኬ ሩዝ ስለቅም ዋልኩ፣ እናንተ! ጠረግሁ፣ ሰበሰብኩ፣ መልሼ ሰቀልኩ፤ በየጠዋቱም መሄዴን አላቆምኩም። ግን ምግብ አልበላ አለኝ። ካሚዎቼን ናቀችብኝ ብላ ብትርቀኝ ከማን ጋር ነው የማወራው?

ታዲያ መጣች፣ አንድ ዓይኗ ታሽጎ። በዚያችው በአንዷ አየችው።

«የገመዱ ወፍራም ጫፍ በቀኝ ነበር» አለች።

ሁሉንም ተናዘዝኩ፣ ነጠላውን ሳይቀር።

«ዓይንሽን ሸፍነሽ በየቀኑ መጣሽ?»

«በየቀኑ።»

ወደ መደርደሪያው ዞራ ሁለቴ ጎንበስ አለች፣ ሁለቴ አጨበጨበች፣ ደግማ ጎንበስ።

«ምን አልሻቸው?» ስላት፣

«ይቺን ሴትዮ አትቀየሟት፣ ሳታይም ትመጣለች አልኳቸው» ብላኝ እርፍ። ከዚያ እሷ ወንበሩን ያዘችልኝና ገመዱን አዙሬ ሰቀልኩት።

«አሁንስ እማማ፣ እሷ ሳትኖር ሲሄዱ ዓይንዎን ይሸፍናሉ?»

አሁንማ አንዱን ብቻ ነው፣ የኔ ልጅ! በሌላው የገመዱን ወፍራም ጫፍ እጠብቃለሁ፣ ካ ካ ካ!