የሳፓቱ ምንጣፍ የሄደበት ቤት

ሳፓቱ ያን ቀን መንገድ ዳር ቆሞ አውቶቡስ የጠበቀው እንግዳ ሊቀበል አልነበረም። አዲሱ ቤተ ክርስቲያን እሑድ ስለሚመረቅ ከዋና ከተማው ከአፒያ የታዘዘውን ነጭ ቀለም ሊረከብ ነው። ከቀለሙ ቀድማ ግን የወንድሙ ልጅ ሲናለይ ሻንጣዋን ይዛ ወረደች። ሲናለይ የወረዳው ጤና ጣቢያ ነርስ ናት፤ ለተጨማሪ ትምህርት አፒያ ሄዳ ስድስት ወር ቆይታለች።

«እሰይ ልጄ፣ ለምረቃው ደረስሽ» አለና ግንባሯን ሳማት።

«እንኳን ደህና ቆዩኝ አጎቴ።»

ሳፓቱ ከመንደሩ አለቆች አንዱ፣ የቤተ ክርስቲያኑም ሽማግሌ ነው። በየማታው የጸሎቱ ዛጎል ሲነፋ ዱላውን ይዞ መንገድ ላይ የሚቆም እሱ ነው። ሰው ሁሉ ቤቱ ገብቶ ጸሎቱን ጨርሶ ዛጎሉ ዳግመኛ እስኪነፋ ድረስ ሰውም አሳማም በሳፓቱ ፊት አያልፍም ይባልለታል። ሃያ ዓመት ሙሉ አንድ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን አልቀረም፤ አርፍዶም አያውቅም። እንዲህ ያለውን ሰው ማክበር ይገባል። ቢሆንም በር የሚጠብቅ ሁሉ የቤቱን ጌታ ያውቃል ማለት አይደለም።

ቀለሙን በጋሪ አስጭኖ ጎን ለጎን መራመድ ጀመሩ።

«የአያቴን ምንጣፍ ለቤተ ክርስቲያኑ ልሰጥ ነው» አላት።

«ለልጆችዎ ሠርግ እንኳ ያላወጡትን?»

«ያንኑ። አሥራ ሁለት ዓመት ስትጎነጉን የኖረችውን። ከመሠዊያው ጀርባ ይሰቀላል። ለእግዚአብሔር የሚሰስት ሰው ምን ሰው ይባላል?»

ሲናለይ ልትመርቀው አፏን ስትከፍት የመበለቲቱ የቴለሲያ ቤት ደጃፍ ደረሱ። ጣራው በአንድ በኩል ወርዷል። ግቢው ዳዋ ለብሷል።

«ይኼ ቤት ምን ነካው? ላፊ እያለ የእናቱ ጣራ እንዲህ ይሆናል?»

«ላፊ የለም። ሸንጎው ከመንደር አስወጥቶታል።»

«ምን አጥፍቶ?»

«በጸሎት ሰዓት እየሮጠ መጣ። ቁም ስለው ገፈተረኝና አለፈ። እኔን፣ ዱላ የያዝኩትን አለቃ።»

ሲናለይ ሻንጣዋን መሬት ላይ አስቀመጠች። «የእህቱ ልጅ የታመመችበት ማታ ነው?»

«ቀኑን አላስታውሰውም።»

«እኔ አስታውሰዋለሁ። ላፊ የመጣው እኔ ጋ ነው። ልጅቱ እንደ እሳት ትነድ፣ ትንፈራገጥም ነበር። ‹ሳፓቱ አስቆመኝ፤ ልጅ ታማብናለች ብዬ ብለምነው ዛጎሉ ዳግመኛ እስኪነፋ አታልፍም አለኝ፤ ገፍቼው መጣሁ፤ ጠዋት ይቅርታ እጠይቀዋለሁ› ብሎኛል። ትንሽ ብንዘገይ ልጅቱን ቀብረናት ነበር። እኔ በማግሥቱ ወደ አፒያ ሄድኩ። ለመሆኑ ለሸንጎው ምን አሉ?»

ሳፓቱ ከመንገዱ በታች ወዳለው ባሕር ዞረ።

«አጎቴ?»

«አንዲት ቃል አልነገረኝም አልኩ።»

«እሱስ ዝም አለ?»

«ተናገረ እንጂ። የእሱና የእኔ ቃል ሲመዘን የማን የሚደፋ ይመስልሻል?»

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይላሉ አበው። ይኼ ግን ወለምታም አልነበረም፤ ሳፓቱ ያን ቃል የተናገረው አስቦበት ነው። የተገፋው ደረቱ በማግሥቱ ድኗል፤ ክብሩ ግን ሸንጎ እስኪቀመጥ ድረስ ሲያቃጥለው ነበር።

«እሺ፣ ዋሽቻለሁ» አለ። «ግን ንስሐ ገብቻለሁ። ዓርብ ዓርብ እጾማለሁ። ምንጣፉንስ የምሰጠው ለምን ይመስልሻል? የእኔን ነገር እግዚአብሔር ያውቀዋል።»

«እግዚአብሔርማ ያውቃል። ሸንጎው ነው የማያውቀው። ቴለሲያንም ዝናብ በመጣ ቁጥር ምንጣፍዎ አያስጠልላትም።»

«አንቺ መርፌ መውጋት ተማርሽ እንጂ ቃሉን ማን አስተማረሽ?»

«እርስዎ ነዎት። ሰንበት ትምህርት ቤት፣ የሚወደኝ ይታዘዘኛል ብሏል እያሉ ወለሉን በዱላዎ ይደበድቡት ነበር። እኛም እንቅልፋችን ይጠፋ ነበር።»

ሳፓቱ ሳይወድ ፈገግ አለ፤ ወዲያው ግን ፊቱን መለሰ። «ታዲያ ብታዘዝ አይደል መንገድ ላይ የቆምኩት?»

«እሱ የመንደሩ ደንብ ነው። ጥሩ ደንብም ነው፤ እኔም አፒያ ሆኜ ዛጎሉ ይናፍቀኝ ነበር። በሐሰት አትመስክር ያለው ግን ሸንጎ አይደለም። የሰውን ደንብ በዱላ አስከበሩ፤ የእግዚአብሔርን ትእዛዝ በምላስዎ አፈረሱ። አይቆጡኝና፣ እውነቱ ይኼው ነው።»

«ሰው የሚድነው በእምነት ነው እንጂ በሥራ አይደለም ይላሉ ፓስተሩ።»

«እውነታቸውን ነው። እኔ ግን በየቀኑ አንድ ነገር አያለሁ። በሽተኛው ‹አንቺን አምናለሁ እህቴ› ይለኛል፤ መድኃኒቱን ትራሱ ሥር ይደብቀዋል። ይኼ ሰው አምኖኛል? ያመነኝማ ይውጠዋል፣ ቢመርም። እርስዎም እውነቱን ብናገር እግዚአብሔር አይጥለኝም ብለው ቢያምኑ ኖሮ ተናግረው ነበር። መታዘዝዎ የጎደለው እምነትዎ የጎደለበት ቦታ ላይ ነው።»

ይህች ቃል ሳፓቱን ከሁሉ ይልቅ ወጋችው። ሲናገር ድምፁ ደክሞ ነበር።

«ሽማግሌነቴን ይነሱኛል። መሳቂያ እሆናለሁ።»

«ሊነሱዎት ይችላሉ። አይነሱዎትም ብዬ አላታልልዎትም።»

«ምን ላድርግ ነው የምትዪው?»

«ምንጣፉ ወዴት መሄድ እንዳለበት ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቃሉ።»

ያውቃል። በመንደሩ ልማድ በዳይ ምንጣፍ ተከናንቦ በተበዳይ ደጅ ይቀመጣል፤ ምንጣፉን የሚያነሣለት ተበዳዩ ነው። ካልፈቀደ ደግሞ እዚያው ፀሐይ ላይ ይተወዋል።

«አለቃ በመበለት ደጅ?» አለ ሳፓቱ።

«የበደላት አለቃ አይደል?»

ሳፓቱ ጋሪውን ተከትሎ ሄደ። ሁለት ሌሊት እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም።

እሑድ የመጀመሪያው ደወል ሲደወል ሳፓቱ በቴለሲያ ደጅ ምንጣፉን ተከናንቦ ተቀምጧል። ከምንጣፉ ሥር ለእሱ የሚታየው የሰው እግር ብቻ ነው። ነጭ ለብሰው ወደ ምረቃው የሚሄዱት እየመጡ ቆሙ። የፓስተሩ ጥቁር ጫማ መጣ፤ ቆየና አለፈ። ሁለተኛው ደወል ተደወለ፣ መዝሙሩም ተጀመረ። አርፍዶ የማያውቀው ሰው አረፈደ። ከዚያ ሁለት ትናንሽ ባዶ እግሮች እየሮጡ መጥተው ፊቱ ቆሙ።

«አያቴ፣ እዚህ ውስጥ ሰው አለ» አለች ልጅቱ።

ሳፓቱ እነዚያን እግሮች ሲያይ እንባው መጣ። ያን ማታ እሱ ትእዛዝ አስከበርኩ ባለበት ሰዓት እነዚህ እግሮች ሊቀዘቅዙ ነበር።

በዕድሜ ከእሱ የምትበልጠው የቴለሲያ እግርም መጣ። «ምን ፈልገህ ነው ሳፓቱ?»

«ልጅሽ ነግሮኝ ነበር» አለ። «ልጅቱ ታማለች ብሎኝ ነበር። ለሸንጎው ዋሸሁ።»

«ድምፅህን ከፍ አድርገው። መንገድ ላይ ያሉትም ይስሙ።»

ከፍ አድርጎ ደገመው። አሮጊቷ ግን ወዲያው እጇን አላነሣችም። በመጨረሻ ምንጣፉ ከራሱ ላይ ተነሣ።

«ስድስት ወር ጠብቄሃለሁ» አለችው። «ማታ ማታ ዱላህን ይዘህ በደጄ ስታልፍ፣ ዛሬ ይገባ ይሆን እያልኩ። በል ግባ፣ ትኩስ ካካዎ ጠጣ። ከዚያ አብረን ወደ ምረቃው እንሄዳለን።»

ሰኞ ሸንጎው ተቀመጠ። ሳፓቱ የፈራው አልቀረለትም፤ ሽማግሌነቱም ዱላውም ተወሰዱበት። ግን በዚያው ቀን ላፊ ተጠራ፤ ሳምንት ሳይሞላ የእናቱን ጣራ በአዲስ ዘንባባ ከደነ፤ ሳፓቱም ከታች ሆኖ ቅጠሉን አቀበለው። ለታመመ የሚሮጥ ሰው በጸሎት ሰዓትም ማንም እንዳያስቆመው ተወሰነ። ጸሎቱ በዚህ አልቀነሰም፤ እንዲያውም ሰው ቤቱ የሚገባው ዱላ ፈርቶ መሆኑ ቀረ። ሳፓቱም ከዚያ ወዲህ ሲጸልይ የሚሸሽገው ነገር እንደሌለው ለሲናለይ ነግሯታል። ዓርብ መጾሙንም አልተወም፤ የሚጾመው ግን ዕዳ ለመክፈል አይደለም።

ምንጣፉ ቴለሲያ ቤት ነው። ከመሠዊያው ጀርባ ያለው ነጭ ግድግዳ እስከ ዛሬ ባዶ ነው። እንግዳ ሲመጣ ምነው ባዶ ቀረ ብሎ ይጠይቃል። ምክንያቱን የሚነግረው ሳፓቱ ራሱ ነው።