የዓርቡ አሰላለፍ

(ማክሰኞ ከሰዓት፣ የገደራ ከነማ እግር ኳስ ክለብ ጽሕፈት ቤት፤ የክለቡ ጸሐፊ ባንትይርጉ የአሰልጣኝ ልሳኑን የስንብት ደብዳቤ፣ በሟቹ ሊቀመንበር በባለቤታቸው በአቶ ይልቃል ምትክ ቦርዱ ውስጥ በገቡት በወይዘሮ ስንዱ ፊት ዘርግቷል።)

ባንትይርጉ፦ እትዬ ስንዱ፣ አራቱ ፈርመዋል። ደንቡ አምስታችሁም ፈርሙ ስለሚል የቀረው የእርስዎ ብቻ ነው። እስክሪብቶም ይዣለሁ።

ስንዱ፦ እስክሪብቶ አላጣሁም።

ባንትይርጉ፦ ታዲያ ምን አጡ? በተከታታይ ስድስት ጨዋታ ተሸነፍን እኮ! እሑድ ደጋፊው ልሳኑን ሲሰድበው ጆሮዬን ደፍኜ ነው የወጣሁት።

ስንዱ፦ ያንተን ስም ስላላወቁት ነው።

ባንትይርጉ፦ ምን አሉኝ?

ስንዱ፦ ተቀመጥ አልኩህ። እሑድ አጥቂውን ተከላካይ ያደረገው ማነው?

ባንትይርጉ፦ አሰልጣኙ ነዋ! ቡድን የሚያሰልፈው ሌላ ማን አለ?

ስንዱ፦ በሌላው አገር እንደዚያ ነው። እዚህ ግን ልሳኑ ዓርብ አሰላለፉን ጽፎ ለቦርዱ ይልካል፤ ቅዳሜ ጠዋት በቀይ እስክሪብቶ ስርዝ ድልዝ ሆኖ ይመለስለታል።

ባንትይርጉ፦ ምክር ነው እሱ።

ስንዱ፦ የሚስትህን ወንድም በረኛ ማድረግም ምክር ነው?

ባንትይርጉ፦ ቁመት አለዋ!

ስንዱ፦ ባሕር ዛፍም ቁመት አለው።

ባንትይርጉ፦ ቀልዱ ይቆየን እትዬ። ወራጅ ቀጠና ውስጥ ነን። ከሊጉ ከወረድን በኋላ ብንቆጭ ምን ዋጋ አለው?

ስንዱ፦ አህያውን ፈርቶ ዳውላውን አሉ። የጎርፉን ሳምንት ታስታውሳለህ? ቡድኑ ለጨዋታ ወጥቶ፣ ድልድዩ ተሰብሮ፣ ስልክም ተቋርጦ፣ ወረቀታችሁ ያልደረሰው ጊዜ?

ባንትይርጉ፦ ሁለት ለዜሮ አሸነፍን። አጋጣሚ ነው።

ስንዱ፦ ዘንድሮ ያሸነፍነው እሱን ብቻ ነው። ልሳኑ የተመለሱለትን ወረቀቶች ከተቀጠረ ጀምሮ አንድ በአንድ አስቀምጧቸዋል። ትናንት አምጥቶ ሰጠኝ።

ባንትይርጉ፦ ከተቀጠረ ጀምሮ? ሁሉንም?

ስንዱ፦ ሁሉንም።

ባንትይርጉ፦ እንግዲያው... ሙት ወቃሽ አያድርገኝ እንጂ፣ ያንን ቀይ እስክሪብቶ እኔ አይደለሁም ያመጣሁት። ልሳኑን የቀጠሩት አቶ ይልቃል ናቸው፤ በሳምንቱ «እስቲ አሰላለፉን አሳየኝ» ያሉትም እሳቸው ናቸው። እኔ ያየሁትን ነው የቀጠልኩት።

ስንዱ፦ አውቃለሁ።

ባንትይርጉ፦ ግንቦት ላይ ሜዳው በስማቸው ሊሰየም ነው። ሰሌዳው አልቋል፣ እኔ ራሴ ነኝ ያሠራሁት። ያንን ወረቀት ሰው ካየ ስማቸውን በር ላይ የሚሰቅል ያገኛሉ? ለእርስዎ ብዬ ነው። ይፈርሙና ነገሩ እዚሁ ተዳፍኖ ይቅር።

ስንዱ፦ ለኔ ብለህ።

ባንትይርጉ፦ እንደ አባቴ ነበር እኮ የማያቸው!

ስንዱ፦ ሰባት ቁጥርን ሲጽፍ ወገቧ ላይ አግድም ይሰርዛት ነበር። ትናንት ወረቀቱን ስገልጥ አየኋት። የእጅ ጽሑፉን ካየሁ ሁለት ዓመት ሆኖኝ ነበር።

ባንትይርጉ፦ አዩ! ታዲያ ለእሳቸው ሲሉ እንኳ...

ስንዱ፦ ልሳኑ ምን እንዳለኝ ታውቃለህ? «የጋሼን ለይቼ ላስቀርልዎት?» አለኝ። እሱ እንጀራውን ሊነጠቅ ነው፤ የሚጨነቀው ለኔ ባል ስም ነው።

ባንትይርጉ፦ ጨዋ ነው፤ አልካድኩም። ጨዋነት ግን ጎል አያገባም።

ስንዱ፦ ቀይ እስክሪብቶውም አላገባም።

ባንትይርጉ፦ እሺ፣ ይፈርማሉ ወይስ አይፈርሙም?

ስንዱ፦ ደብዳቤህን አንሳ። ነገ ለስብሰባው ወረቀቶቹን ይዤ እመጣለሁ።

ባንትይርጉ፦ የአቶ ይልቃልንም?

ስንዱ፦ ሙት ወቃሽ ይበሉኝ። ከላይ የማደርገው የሱን ነው፤ ያንተ ከሥሩ ይከተላል።